ለቻይና አለቃ «አይሆንም» የሚባለው የት ነው?

ጥያቄ፦ «ዉሃን ከተማ ኢንጂነሪንግ ተምሬ አሁን ሼንዘን ውስጥ በአንድ የኤሌክትሮኒክስ ካምፓኒ የፍተሻ ክፍል እሠራለሁ። ገና ጀማሪ ነኝ። በሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ምክትል ሥራ አስኪያጁ አዲሱ ምርት በወሩ መጨረሻ ወደ ፋብሪካ እንደሚገባ ተናገሩ። ፍተሻው ግን አላለቀም። እጄን አውጥቼ በትህትና፣ በቻይንኛ፣ ‹በዚህ ቀን አይደርስም› አልኩ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ምሳ ላይ ከእኔ ጋር ሲስማሙ የነበሩት ባልደረቦቼ ሁሉ ማስታወሻቸው ላይ አቀረቀሩ። ከሳምንት በኋላ ቀኑ ተራዘመ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለስብሰባው አልተጠራሁም። ቻይናውያን አይቃወሙም ማለት ነው? ወይስ ሁለት ምላስ ናቸው? እኔስ እንዴት ልናገር?»

መልስ፦

ሰላም እህቴ። ሥራዬ በቻይና ካምፓኒዎች ስብሰባ ላይ ማስተርጎም፣ ከእነሱ ጋር የሚሠሩ ሰዎችንም ማሠልጠን ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። አብዛኛው ጠያቂ ግን አንቺ የጻፍሽውን አንዲት ዓረፍተ ነገር አይጽፍም፤ «ከሳምንት በኋላ ቀኑ ተራዘመ» የምትለዋን። የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ቀኑ በራሱ ጊዜ አልተራዘመም። ምክትሉ ጋ የሆነ ሰው ሄዷል። ምናልባት የክፍልሽ ኃላፊ በር ዘግቶ አናግሯቸዋል። ምናልባት ከፋብሪካው በኩል አንድ ሰው በዊቻት፣ በቻይናውያን የስልክ መልእክት መተግበሪያ፣ ጽፎላቸዋል። ምናልባትም ካቀረቀሩት ባልደረቦችሽ አንዱ ነው። የሄደው ሰው ያንቺኑ ነገር ነው የተናገረው። ልዩነቱ ማን ተናገረው፣ የት ተናገረው፣ እነማን እየሰሙ ተናገረው የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ «ቻይናውያን አይቃወሙም» የሚለውን ተይው። ይቃወማሉ፤ አንዳንዴም አምርረው። ተቃውሞው በየት በር እንደሚገባ የሚወስነው ግን ማዕረግ ነው።

ይህን ለማየት ተቃውሞው ወደየት እንደሚሄድ ተከታተይ። ከላይ ወደ ታች ሲሆን ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም። አለቃ የበታቹን ሰው ሁሉ እያየ ያፋጥጠዋል። «ይሄ ምን ዓይነት ሪፖርት ነው?» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ የሚወረውር ኃላፊ ብርቅ አይደለም። ጥፋተኛ የተባለን ሠራተኛ በስም ጠርቶ ለመላው መሥሪያ ቤት የሚበተን የወቀሳ ማስታወቂያም የተለመደ ነው። «ቻይናውያን ግጭት አይወዱም» የሚሉ ጽሑፎች ይሄን ሲያነሱ አላየሁም።

ወደ ጎንም ጩኸት አለ። የምርት ክፍልና የጥራት ክፍል ኃላፊዎች ተጋጥመው ከተቀመጡ ሻይ ሳይቀዳ ጭቅጭቁ ይጀመራል። ጥፋትን በሌላው ማላከክ እዚያ «ድስት መወርወር» ይባላል። በእኩዮች ስብሰባ ላይ ድስቱ ሲበር ነው የሚውለው። ድምፅ የሚጠፋው ወደ ላይ ሲሆን ነው። ወደ ላይ የሚሄድ ተቃውሞ መልኩን ይቀይራል። ጥያቄ ይሆናል። ተጨማሪ መረጃ ይሆናል። ወይም ከስብሰባው በፊት አልቆ ይመጣል።

የኔዘርላንዱ ተመራማሪ ሆፍስቴድ ሰዎች የሥልጣን ልዩነትን ምን ያህል እንደ ተፈጥሮ ሕግ እንደሚቀበሉት በአገር በአገር ነጥብ ሰጥቶ ነበር። ቻይና 80፣ አሜሪካ 40። ማንኛውም ሥልጠና ላይ ይህ ቁጥር ሳይጠቀስ አይታለፍም። እኔ ብዙም አልወደውም። ጠዋት ከጥራት ክፍል ጋር ሲጯጯህ የነበረው ሰው ከሰዓት በኋላ ድምፁ ለምን እንደጠፋ 80 አይነግርሽም። ሰውየው ያው ነው፤ ባህሉም ያው ነው። የተለወጠው ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው።

ያ ሰው ደግሞ በእጁ ብዙ ነገር ይዟል። ከቻይና አዲስ ዓመት በፊት የሚከፈለውን የዓመት መጨረሻ ጉርሻ የሚወስነው እሱ ነው። የሥራ አፈጻጸም ነጥብ የሚሰጠው እሱ ነው። ውል ሲያልቅ ይታደስ አይታደስ የሚለው ላይ ቃሉ ይሰማል። የቻይና የሠራተኛ ውል ሕግ እንደሚለው ሠራተኛው የጊዜ ገደብ ያለው ውል ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከፈረመ በኋላ ገደብ የሌለው ውል መጠየቅ ይችላል። ብዙ ቀጣሪዎችም የሁለተኛው ውል ማብቂያ ሲቃረብ ሠራተኛውን በዓይነ ቁራኛ ያዩታል። በዚያ ላይ በቴክኖሎጂው ዘርፍ ዕድሜው 35 ያለፈ ሰው ሌላ ሥራ አያገኝም የሚል ስጋት አለ። ቤት በብድር የገዛ የ34 ዓመት ባልደረባሽ ማስታወሻው ላይ ሲያቀረቅር የበላይን ማክበር ያስተማረውን ጥንታዊ ፈላስፋ ኮንፊሺየስን እያሰበ አይደለም። ሒሳብ እየሠራ ነው። የአንቺ የሥራ ፈቃድም ከቀጣሪሽ ጋር የታሰረ ነውና ያንቺ ሒሳብ ከእሱ የሚቀል እንዳይመስልሽ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በመንግሥት ካምፓኒዎች ስብሰባ ላይ ዋናው ኃላፊ መሐል ይቀመጣል። ሁለተኛው ሰው በግራው፣ ሦስተኛው በቀኙ፣ እንዲህ እያለ ወደ ዳር ይሄዳል። የስም ሰሌዳውን የሚደረድረው ሠራተኛ ቅደም ተከተሉን ካሳሳተ ጉድ ፈላ። ጠረጴዛውን የከበቡት ይናገራሉ። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ይጽፋሉ፤ ሲጠየቁ ብቻ ይመልሳሉ። ሼንዘን ባለ የግል ካምፓኒ ሰሌዳው ላይኖር ይችላል። ቅደም ተከተሉ ግን ሁሉም ሰው ጭንቅላት ውስጥ አለ።

አጠራሩንም ታውቂዋለሽ። ሥራ አስኪያጅ በቤተሰቡ ስም ላይ «ዞንግ» ተጨምሮ ይጠራል። ምክትል ሲሆን ምክትልነቱን የሚገልጸው «ፉ» ሆን ተብሎ ይዘለላል፤ ሰውየው ደስ እንዲለው። የቤተሰብ ስማቸው ፉ የሆነ ዋና ሥራ አስኪያጆች መከራቸውን ያያሉ። «ፉ ዞንግ» በተባሉ ቁጥር ምክትል ይመስላሉ። ቻይናውያን ራሳቸው የሚስቁበት ነገር ነው።

ለአንቺ ጉዳይ ግን የሰውየው ምክትልነት ትልቅ ነገር ነው። እስቲ በእሳቸው ቦታ ሆነሽ አስቢው። ቀኑን ማን ቆረጠው? ምክትል ሥራ አስኪያጅ የምርት ቀን ብቻውን አይቆርጥም። ምናልባት ዋናው ሥራ አስኪያጅ ለአንድ ትልቅ ደንበኛ ቃል ገብተዋል። እንደዚያ ከሆነ ምክትሉ የሌላ ሰው ቃል ነው የተናገሩት። አንቺ «አይደርስም» ስትይ ሁለት ምርጫ ብቻ ቀራቸው። «ልክ ነሽ» ቢሉ ዋናውን አለቃ በሠራተኛ ፊት ስህተተኛ ማድረጋቸው ነው። «አይ፣ ይደርሳል» ቢሉ ነገ ምርቱ ሲበላሽ ተጠያቂው እሳቸው ናቸው፤ ምስክሩም ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው። ሦስተኛው መንገድ ዝም ብሎ ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ ማለፍ ነበር። ያለፉትም እሱን ነው። ባልደረቦችሽ ይሄ ገብቷቸዋል። አንዱ ተነስቶ ቢደግፍሽ ኖሮ ሰውየውን የባሰ ማዕዘን ውስጥ ይከታቸው ነበር። ቀኑም የሚራዘም አይመስለኝም። የሳምንቱ ዝምታ ነው ለምክትሉ ወደ ላይ ወጥተው የሚነጋገሩበትን ጊዜ የሰጣቸው።

ስለዚህ ሁለት ምላስ ናቸው ለማለት አትቸኩይ። ፈሪ የለም አላልኩም። ፈሪ እዚያም ሞልቷል።

እዚያ ስብሰባ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ያለቀ ነገር እንዲመዘገብ ነው። ክርክሩ የሚካሄደው ከዚያ በፊት ነው፤ በአለቃው ቢሮ፣ በእራት ገበታ፣ በመኪና ውስጥ፣ በሁለት ሰው የዊቻት መልእክት። ለዚህ የታወቀ አሠራር አለ። ሐሳቡን ያዘጋጀው ሰው የሚመለከታቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እየዞረ ያናግራል። የማን ክፍል ይጎዳል? የማን በጀት ይነካል? ማን ቀድሞ አልተነገረኝም ብሎ ያኮርፋል? ያልተነገረው ሰው ሐሳቡ ጥሩ ቢሆንም ይቃወማል። የሚቃወመው ሐሳቡን ሳይሆን አለመነገሩን ነው። ይህ ልማድ ብቻ አይደለም። የቻይና ኮሙኒስት ፓርቲ የውስጥ ውሳኔ አሰጣጥ መርህ ራሱ በግል መመካከርን ከስብሰባው በፊት አስቀምጦ፣ ስብሰባውን የመጨረሻ ውሳኔ ቦታ ያደርገዋል። ካምፓኒዎቹ ከዚያው አገር ሰዎች የተሠሩ ናቸውና አሠራሩ የግሉ ዘርፍ ውስጥም ገብቷል።

ለምን በአደባባይ መናገር እንዲህ እንደተፈራ ማወቅ ከፈለግሽ ሁለት ታሪክ ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያውን ቻይና ውስጥ የማያውቅ የለም። ከ626 እስከ 649 የነገሠው የታንግ ሥርወ መንግሥቱ ንጉሥ ታይዞንግ፣ ዌይ ዠንግ የሚባል አማካሪ ነበረው። ሰውየው ንጉሡን ፊት ለፊት ይገሥጽ ነበር። አንድ ቀን ንጉሡ ከችሎት ተነስቶ በቁጣ ጦፎ ወደ ቤቱ ገባና «ይሄን ባላገር እገድለዋለሁ» አለ። ንግሥቲቱ ምንም ሳትመልስ ወጥታ የክብር ልብሷን ለብሳ ተመለሰች። «ምነው?» አላት። «እንኳን ደስ አለህ። ሹም እውነቱን ደፍሮ የሚናገረው ንጉሡ ብሩህ ሲሆን ነው። ዌይ ዠንግ ደፋር ከሆነ አንተ ታላቅ ነህ ማለት ነው» አለችው። ንጉሡ ተረጋጋ። በሥልጠና ላይ ይህን ታሪክ የሚነግሩ አለቆች ዌይ ዠንግን ያወድሳሉ። እኔ የማደንቀው ንግሥቲቱን ነው። ተቃውሞው የንጉሡ ክብር ማስረጃ ሆኖ እንዲታይ አደረገችው። ያንን የሚያደርግ ሰው አጠገቡ የሌለ ዌይ ዠንግ ብዙ አይቆይም። ደግሞ ታሪኩ እዚያ አያበቃም። ዌይ ዠንግ በ643 ከሞተ በኋላ ንጉሡ በጥርጣሬ ተነሳስቶ ያቆመለትን የመቃብር ሐውልት አስጣለው። ኮርያ ላይ የከፈተው ዘመቻ ከከሸፈ በኋላ ነው ተጸጽቶ መልሶ ያስተከለው።

ሁለተኛው ቅርብ ነው። በ1959 ሐምሌ የፓርቲው መሪዎች ሉሻን ተራራ ላይ ተሰበሰቡ። ስብሰባው የተጠራው ቻይናን በጥድፊያ በኢንዱስትሪ ለማሳደግ የተጀመረው የታላቁ ዕመርታ ዘመቻ ያመጣቸውን ስህተቶች ለማረም ነበር። የመከላከያ ሚኒስትሩ ማርሻል ፔንግ ደኋይ በስብሰባ ላይ አልጮኹም። ወጉን ጠብቀው ሐምሌ 14 ቀን ለፓርቲው መሪ ለማኦ በግል ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ስኬቶቹን አስቀድሞ ችግሮቹን አስከትሎ የተጻፈ ነበር። ማኦ ደብዳቤውን አሳትመው ለተሰብሳቢዎች በሙሉ በተኑት። የግል የነበረው የአደባባይ ሆነ። ፔንግ ከሥልጣን ወረዱ፤ ቦታቸውን ሊን ቢያዎ ያዘ። ደግፈው የተናገሩም አብረው ተመቱ። ስህተት ለማረም የተጠራው ስብሰባ ተገልብጦ የተቺዎች ማጥቂያ ሆነ። ዘመቻው ቀጠለ፤ ረሃቡም ሚሊዮኖችን ፈጀ። ፔንግ ስማቸው የታደሰው ከሞቱ በኋላ በ1978 ነው።

የዛሬው የሼንዘን ኢንጂነር ስለ ሉሻን አስቦ ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ምክር አለ፤ «አፍህን ጠብቅ» የሚል። ከየት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም።

ደግሞ የቻይና ባለሥልጣናት ችግሩን አያውቁትም ማለት አይደለም። አሳምረው ያውቁታል። አለቃው መጀመሪያ ከተናገረ ስብሰባው እንዳለቀ ይገባቸዋል። በ2010 የፓርቲውና የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች ለመንግሥት ካምፓኒዎች ያወጡት መመሪያ ዋና ዋና ውሳኔዎች፣ የቁልፍ ሰዎች ሹመት፣ ትልልቅ ፕሮጀክቶችና ከፍተኛ ወጪዎች በጋራ እንዲወሰኑ ያዛል። ተሰብሳቢዎቹ ሁሉ በየተራ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ፣ ዋናው ኃላፊ ግን መጨረሻ ላይ እንዲናገር ይላል። በወረቀት ደረጃ ጥሩ መድኃኒት ነው። በተግባር አለቃው አፉን ሳይከፍት ሐሳቡ ይታወቃል። አጀንዳውን ያጸደቀው እሱ ነው። ጸሐፊው ጠዋት ደውሎ «አለቃ ይህን ጉዳይ በጣም ይከታተሉታል» ብሏል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚናገረው ምክትል በመጨረሻ ሊባል የሚችለውን ገምቶ ይናገራል። ገምቶ ካልተሳሳተ ዕድገቱ ቅርብ ነው።

የባሰ የሚያስቀው ደግሞ የፓርቲ አባላት በየጊዜው የሚያደርጉት የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ነው። እዚያ አለቃን መተቸት ግዴታ ነው። ግዴታ ሲሆን ምን ይደረጋል? «አለቃችን ሥራ ያበዛሉ፣ ለጤናቸው አይጠነቀቁም» ይባላል። የቻይና መገናኛ ብዙኃን ሳይቀሩ የቀለዱበት ሂስ ነው። ሂስና ግለ ሂስ የሚለውን ቃል ቀበሌ ስብሰባ ላይ የሰሙ የአገራችን ታላላቆች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ እገምታለሁ።

የግሉ ዘርፍ ሌላ ነገር ሞክሯል። የኢንተርኔት ንግድ ካምፓኒው አሊባባ ሠራተኞቹ ከኩንግ ፉ ልብወለዶች የተወሰደ ቅጽል ስም እንዲይዙ አደረገ። መሥራቹ ጃክ ማ ራሱ ፌንግ ቺንግያንግ በሚባል ጎራዴ አዋቂ ስም ይጠራ ነበር። ሐሳቡ ማዕረጉን ከአፍ ማውጣት ነው። የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስም ኃላፊዎችን በማዕረግ መጥራትን ይቃወማል። ስብሰባውም ብዙ ጊዜ በዝምታ ይጀመራል። ሁሉም የተዘጋጀውን ሰነድ በየራሱ ስክሪን ያነባል፣ ያልተስማማበት ቦታ ላይ አስተያየት ይጽፋል፣ ከዚያ ነው ንግግሩ። ይሄ የሚሠራ ይመስለኛል። መጻፍ ከመናገር ይቀላል። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ሐሳቡም ከሰውየው ይነጠላል። ቢሆንም ስም አብሮ ይወጣል። ነጥብ የሚሰጠው አለቃም ያነባል። አለቃው አስተያየቱን እስኪጽፍ ጠብቀው ከሥሩ «እኔም» የሚሉ ሞልተዋል።

የሁዋዌ ነገር የበለጠ ያስገርማል። ካምፓኒው ሥራው የራሱን ካምፓኒ ስትራቴጂ ማጥቃት የሆነ ቡድን አለው፤ ሰማያዊ ጦር ይባላል። እዚያ ተቃውሞ የሥራ መደብ ነው። በ2008 ሁዋዌ የስልክ ክፍሉን ለመሸጥ ሲያስብ ይህ ቡድን እንዳይሸጥ እንደተከራከረ በስፋት ተዘግቧል። ለሠራተኛው ደግሞ የውስጥ የመወያያ ገጽ አለ። በ2017 አንድ ሠራተኛ በዚያ ገጽ ላይ ስለ ሐሰተኛ የሥራ ሪፖርት እውነቱን ጻፈ። መሥራቹ ሬን ዠንግፌይ ለመላው ሠራተኛ በተላለፈ ደብዳቤ ሰውየው ሁለት እርከን እንዲያድግ አዘዙ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ሌላም ትእዛዝ አለ፤ አንድ ኃላፊ በስሙ ተጠቅሶ፣ ሠራተኛው በቀል እንዳይደርስበት እንዲጠብቀው ተመድቧል። ብዙ ሰው ዕድገቱን ያወራል። እኔ ጠባቂ ማስፈለጉ ላይ ነው የቆምኩት። ከሁሉም በላይ ያለው ሰው ደግፎሽም ከመሐል ያለው አለቃሽ እዚያው ነው ያለው።

እንግዲህ አንቺ ምን አድርጊ? መጀመሪያ መንገዱን አስተካክይ። የምትሄጂው ወደ ቅርብ ኃላፊሽ ነው፤ ያውም ከስብሰባው በፊት። እሱን ዘለሽ ወደ ምክትሉ መሄድ በስብሰባ ላይ ከመናገር የባሰ ነው፤ የእሱን ቦታ ባዶ ታደርጊዋለሽ። ኃላፊሽ ነገሩን ወደ ላይ ይዞ እንዲሄድ የምትሰጪው ነገር ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ይበቃል። የቀሩት ፍተሻዎች፣ እያንዳንዱ የሚፈልገው ጊዜ፣ ቢዘለል የሚመጣው ችግር።

ስብሰባው ላይ መናገር ግድ ከሆነ ደግሞ ፍርዱን ለእሳቸው ተይላቸው። «በዚህ ቀን አይደርስም» ፍርድ ነው። እንዲህ ብትይስ፦ «የ85 ዲግሪ ሙቀትና የ85 በመቶ እርጥበት ፍተሻው 1000 ሰዓት ይወስዳል። አሁን 600 ላይ ነን። የተባለውን ቀን ለመጠበቅ የትኛውን ብናስቀድም ይሻላል?» ምርትሽ ይህን ፍተሻ የሚጠይቅ ከሆነ 1000 ሰዓት ማለት ከ41 ቀን በላይ እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። «አይሆንም» ያለው ሰዓቱ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። ምክትሉም «እንግዲያው ከላይ ተነጋግሬ እመለሳለሁ» የሚሉበት በር ተከፈተላቸው።

በ2012 የታተመ፣ በቻይና ሠራተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት ሁለት ዓይነት መናገርን ይለያል። አንዱ አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ነው። ሌላው «ይሄ አደጋ አለው» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው። የመጀመሪያው በአብዛኛው ከኃላፊነት ስሜት ይመጣል። ሁለተኛው ግን ሰውየው ብናገር አልጎዳም ብሎ ማመኑ ላይ ይንጠለጠላል። የፍተሻ ሠራተኛ ሥራው በሙሉ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያሽን የመፍትሔ ሐሳብ ልብስ አልብሺው፤ «ይህን ክፍል አስቀድመን ብንልክ፣ ያንን በሁለተኛው ዙር» እያልሽ።

መልስ ስትሰሚም ተጠንቀቂ። «እናጠናዋለን» ከተባልሽና ማን፣ እስከ መቼ እንደሚያጠናው ካልተነገረ፣ አይሆንም ማለት ነው። «በመርህ ደረጃ እስማማለሁ» ከተባልሽ ዋናው ፍጥጫ ገና ነው። በዊቻት ቡድኑ ላይ አለቃ መመሪያ ሲጽፍና ሁሉም «ደረሰኝ» እያለ ሲደረድር፣ አንቺም «ደረሰኝ» በይና ጥያቄሽን ለብቻ ጻፊ። ቡድኑ ላይ መከራከር ስብሰባው ላይ ከመከራከር ይብሳል፤ ተጽፎ ይቀራል።

ወደ ስብሰባው ለመመለስ ትልቅ ይቅርታ አትጠይቂ። ይቅርታ ነገሩን እንደገና አደባባይ ያወጣዋል። ይልቅ በተራዘመው ጊዜ ውስጥ ፍተሻው ምን እንዳገኘ አጭር ሪፖርት አዘጋጂ። በኃላፊሽ በኩል ይሂድ። «በተሰጠን ተጨማሪ ጊዜ እነዚህ ጉድለቶች ተገኝተው ተስተካክለዋል» ይበል። ማን ጊዜውን እንደሰጠ መጻፍ አያስፈልግም። ምክትሉ ሲያነቡት ውሳኔው የእሳቸው ብልህነት ሆኖ ይነበባል። ያቺ ንግሥት የሠራችው ሥራ ነው። ውሸት የለበትም፤ ጊዜውን በእርግጥም የሰጡት እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ወግ ውጭ ነው። ችግሩ የቀን መዘግየት ሳይሆን ሰው የሚጎዳ ከሆነ፣ ለምሳሌ ባትሪው የሚግል ከሆነ፣ ሰዓትና ቦታ መምረጥ ላይ ጊዜ አታጥፊ። ሼንዘን ያሉ ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ካምፓኒዎች ሁዋዌ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአይቢኤም የወሰደውን የምርት ልማት ሥርዓት ገልብጠዋል። ሥርዓቱ በየደረጃው የቴክኒክ ግምገማ አለው። ግምገማው ላይ ያልተዘጉ ችግሮች የሚመዘገቡበት ቅጽ አለ። በብዙ ፋብሪካዎች የጥራት ክፍል ብቻውን ምርት የማስቆም መብት በመመሪያ ተጽፎ ተሰጥቶታል። እዚያ ቅጽ ላይ ስትጽፊ የምትናገሪው በማዕረግሽ አይደለም፤ በመደብሽ ነው። ጻፊው፣ ቀኑን አስገቢ፣ ቅጂ ያዢ። ኃላፊሽ «ለጊዜው እናልፈው» ካለሽ አትከራከሪው፤ ባላለቀ ፍተሻ ላይ ግን አትፈርሚ። አንቺ ካልፈረምሽ፣ ቀኑ እንዲጠበቅ የፈለገው ሰው ራሱ በስሙ መፈረም ይኖርበታል። ያኔ ቀኑ ያለ ምንም ስብሰባ ሲራዘም ልታዪ ትችያለሽ።